የማስታወቂያ ፊደል ጌጥ፦ ከብራናው ሐረግ እስከ ንፋስ ስልክ ሠሌዳ

ስለ ኢትዮጵያ ጽሕፈት የተደረጉት ምርምሮች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገሮች ላይ የቆሙ ናቸው፤ አንደኛው በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጥንታዊ ጽሑፍ፥ ሁለተኛውም በብራና ላይ የተጻፈው መጽሐፍ ነው። ከእነዚህ በኋላ የመጣው የማተሚያ ፊደል እንኳ የሚገባውን ያህል ተመራማሪ አላገኘም። በቆርቆሮ፥ በእንጨት፥ በግድግዳና በመስተዋት ላይ በብሩሽ እየተሣለ የከተማውን መንገድ ግራና ቀኝ የሞላው ያጌጠ ፊደል ደግሞ ጭራሹን ከጽሕፈት ታሪክ ውጭ ተጥሎ፥ የባለሱቅና የቀለም ቀቢ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ፊደል የጥንቱ የቁም ጽሕፈት ብልሽት አድርጎ የሚመለከተውም ሰው ጥቂት አይደለም። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን የሠሌዳው ፊደል የብራናው ፊደል ብልሽት ሳይሆን፥ ብራናው ያልሞከረውን አንድ ነገር የሞከረ ሆኖ ይገኛል። በብራናው ዘመን ጌጥ የሚኖረው ከፊደሉ ውጭ ነበር። ጌጡ ወደ ፊደሉ አካል የገባው በከተማው ሠሌዳ ላይ ነው። ሲገባም ያለ ሥርዓት አልገባም።

ለዚህ ጥናት የአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሆነው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ተገቢ ስፍራ ነው። ክፍለ ከተማው በዚህ ስሙ የተቋቋመው አዲስ አበባ በ1995 ዓ. ም. በዐሥር ክፍላተ ከተማ በተከፈለች ጊዜ ነው፤ «ንፋስ ስልክ» የሚለው ስያሜ ግን ከዚያ በብዙ ይቀድማል። በ1920ዎቹ ዓ. ም. ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ ጣቢያ ሲቋቋም፥ ሕዝቡ ለአዲሱ ነገር ያወጣለት ስም ንፋስ ስልክ ነበር። ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ሽቦ ማለት ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ስም ቃል በቃል ሲፈታ «ንፋስ የሆነ ሽቦ» እንደ ማለት ይሆናል። የማይታይ ጽሑፍ በአየር ላይ ይሄድበት ከነበረው ስፍራ የሚታየውን ጽሑፍ መፈለግ እንግዳ ነገር ቢመስልም፥ ምክንያቱ ከአካባቢው የኑሮ ሁኔታ የተነሣ ነው። ባቡሩ በ1917 እ. ኤ. አ. አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ የሐዲዱ መስመር የሚያልፈው በዚህ በደቡቡ በኩል ነበር። የደብረ ዘይት መንገድም ጎተራን፥ ሣሪስንና አቦን እያቋረጠ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። በመንገዱ ዳርና ዳር ፋብሪካዎች፥ መጋዘኖች፥ ጋራዦችና የጭነት መኪና ማቆሚያዎች በዙ። መኪና ባለበት ቦታ ቆርቆሮ ቀጥቃጭና ቀለም ቀቢ አይጠፋም፤ ቀለም ቀቢ ባለበትም ፊደል ይጻፋል። የሰፈሩን ስም ይዞ የሚጠራው የነፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካም ለዚህ ሙያ ዋና የሆነው ነገር ከዚያው ከአካባቢው የሚወጣ መሆኑን ያሳያል።

የብራናው ጸሐፊ ሥራ ለብዙ ሊቃውንት የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ እየወጋና እያሰመረ የመስመሩን ልክ ካበጀ በኋላ፥ በመቃ ብዕር በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጽፋል። ቀዩ ቀለም ለመጀመሪያው መስመር፥ ለእመቤታችን፥ ለቅዱሳንና ለባለመጽሐፉ ስም ይውላል። በገጹ ራስና በዐምዱ መካከል ሐረግ ይሣላል፤ ይኸውም እርስ በርሱ የተጠላለፈ፥ ብዙ ቀለም ያለው ጌጥ ነው። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምእት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተሠሩ የሚገመቱት የአባ ገሪማ ወንጌሎች እንኳ ዐምድና ቅስት ባለው ሥዕል ያጌጡ ናቸው። ይህ ሁሉ ጌጥ ሲኖር ግን ፊደሉ ራሱ አይነካም። በአውሮፓ ጥንታዊ መጻሕፍት የምዕራፉ መጀመሪያ ፊደል እጅግ ገዝፎ በሆዱ ውስጥ ሰው፥ አውሬና አበባ ይሣልበታል። በኢትዮጵያ መጻሕፍት ይህ ልማድ አልጸናም። ሐረጉ ፊደሉን ይከብበዋል፥ ከላይ ይጋርደዋል፥ ከጎን ያጅበዋል እንጂ አካሉን አይወርስም። ፊደል የሚያጌጠው በቀለሙ፥ በጉልሕነቱና በአጣጣሉ ውበት ብቻ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ወጣ ያለ አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም ክታብ ነው። በክታብ ላይ ጫፍ ጫፋቸው በትንንሽ ቀለበት የተቋጨ፥ ፊደል የሚመስሉ ነገር ግን የማይነበቡ ምልክቶች ይገኛሉ። እነዚህ ለዐይነ ሰው የተጻፉ አይደሉም፤ የሚጻፉት ለመናፍስት ነው። ማስታወቂያ ደግሞ ተላላፊው ሁሉ እንዲያነበው የሚጻፍ ነውና ዓላማቸው ፍጹም ተቃራኒ ነው። ይሁን እንጂ ጌጥ ከልክ ሲያልፍ ፊደሉን የማይነበብ የሚያደርገው መሆኑን ለመረዳት የክታቡ ምሳሌ ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች በሚነገረው ነገር ውስጥም ያው ቀለበት ተመልሶ ይመጣል።

የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው በሮም ከተማ በ1513 እ. ኤ. አ. ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተማረውን ይዞ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በ1548 እና በ1549 እ. ኤ. አ. አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በ17ኛው ምእት ዓመት ደግሞ የአባ ጎርጎርዮስ ደቀ መዝሙር የነበረው ሂዮብ ሉዶልፍ ለመዝገበ ቃላቱና ለሰዋስዉ የግዕዝ ፊደል አስቀርጾ ነበር። እነዚህ ሁሉ የተቀረጹት የብራናውን ቁም ጽሕፈት አርአያ አድርገው ነው፤ የታሰቡትም ለንባብ እንጂ ለማስታወቂያ አልነበረም። በኢትዮጵያ ውስጥ በ1890ዎቹ ዓ. ም. ካቫዲያስ የተባለው ግሪካዊ ያዘጋጀው «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ 24 ያህል ቅጅ በእጅ እየተጻፈ ይወጣ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ. ም. ተቋቋመ፤ በዚሁ ስም የተጠራው ጋዜጣም በ1917 ዓ. ም. መታተም ጀመረ።

በዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ጉዳይ መታየት አለበት፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ከዚህ የሚነሣ ነውና። በእንግሊዝ አገር ከ19ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በመንገድ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ማስታወቅ ሲጀምሩ፥ ፊደል ቀራጮች ወፍራም፥ ጥላ ያለውና ልዩ ልዩ ጌጥ ያለው ትልልቅ ፊደል አወጡ። በአሜሪካም ዳርየስ ዌልስ ከ1827 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ትልልቁን ፊደል ከእንጨት በመኪና እየፈለፈለ መሸጥ ያዘ። ይህን ለማድረግ የቻሉት የላቲን ታላላቅ ፊደላት 26 ብቻ ስለ ሆኑ ነው። አንድ አዲስ የጌጥ ፊደል ለማውጣት 26 ቅርጽ መሥራት ይበቃል፤ ቁጥሮችና ነጥቦች ቢጨመሩም ሥራው በጥቂት ወራት ይፈጸማል። የአማርኛ ፊደል ግን 33 ሆኖ እያንዳንዱ ሰባት ቅርጽ ስላለው 231 ይሆናል፤ እንደ ቋ፥ ኳና ጓ ያሉት ዲቃሎች ሲታከሉበት ከዚያም ያልፋል። እንግዲህ በአውሮፓ አንድ የጌጥ ፊደል ለማውጣት የሚፈጀው ድካም በኢትዮጵያ ዘጠኝ ጊዜ ያህል መደጋገም ነበረበት። ያውም በአንድ መጠን ብቻ ነው። ለአርእስት፥ ለሽፋንና ለግድግዳ ማስታወቂያ የሚሆን በየመጠኑ ልዩ ልዩ የእርሳስ ፊደል ማስቀረጽ ገበያው ለጠበበ ማተሚያ ቤት የሚቻል አልነበረም።

የጽሕፈት መኪናም ቢሆን መፍትሔ አላመጣም። ኢንጂነር አያና ብሩ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሥራ ፈር ቀዳጅ ናቸው፤ ነገር ግን በመኪናው ላይ ያለው የቁልፍ ብዛት 231 ቅርጽ ስለማይችል የፊደሉን አካልና የአናባቢውን ምልክት እየለያዩ መምታት ግድ ሆነ። ይህ ለቢሮ ደብዳቤ የሚበቃ ነበር። ለውበት የሚታሰብ አልነበረም።

ሌላም ችግር አለ። የላቲን ፊደል ታላቅና ታናሽ አለው፥ ዘመም ያለም አለው። አርእስትን ከተራው ንባብ ለመለየት ፊደሉን መለወጥ ብቻ ይበቃል። የግዕዝ ፊደል ግን ታላቅና ታናሽ የለውም። ብራናው ይህን ችግር የፈታው በቀይ ቀለም ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሁለት ቀለም ማተም ሲከብደው ቀይ ቀለምን ተወ፤ በምትኩ የሚያስቀምጠው ነገር ግን አልነበረውም። ክፍተቱን የሞላው ሠዓሊ ነው። የመጽሐፍ ሽፋን፥ የጋዜጣ ስም፥ የሲኒማና የቴአትር ማስታወቂያ፥ የሱቅ ሠሌዳ በእጅ እየተሣለ ይሠራ ነበር፤ የሚታተም ከሆነም ሥዕሉ በብረት ላይ ተቀርጾ እንደ ሌላው ሥዕል ሁሉ ይታተማል። በአውሮፓ በማተሚያው ሥራ ዘንድ በእጅ የተሣለ ፊደል ከብረቱ ፊደል ጎን ለጎን የሚሄድ አማራጭ ነበር። በኢትዮጵያ ግን አርእስትን የሚያጎላው ዋና መሣሪያ ያው የእጅ ሥዕል ሆነ።

የእነዚህ ሠዓልያን ስም በብዛት አልተመዘገበም። ለዚህ ምክንያት የሆነው የእጅ ሙያ ሁሉ በኅብረተ ሰቡ ዘንድ የነበረው ዝቅተኛ ግምት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መሳደብን ከልክለው ባወጡት ዐዋጅ ውስጥ ከብረት ሠሪውና ከሸማኔው ጋር ጽሕፈት የሚጽፈውም ሰው ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ እንደ ነበረ ተመልክቷል። ጽሕፈት በሚከበርበት አገር ጸሐፊው መጠርጠሩ የሚገርም ነው፤ ከላይ የተነገረው ክታብ ለዚህ ጥርጣሬ መንሥኤ ሳይሆን አልቀረም። በ1950 ዓ. ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ሁኔታው በከፊል ተሻሻለ። ከዚያ የወጡት ሠዓልያን ፊደልን በልዩ ልዩ መንገድ ሥዕል አደረጉት። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በ1972 እ. ኤ. አ. ከትምህርት ቤቱ ተመርቆ በኋላም ወደ አሜሪካ ሄዶ፥ የግዕዝን ፊደል እየሰበረና እያስጨፈረ በሸራ ላይ በመሣል በውጭ አገር ታወቀ። በሸራው ላይ ፊደሉ እንዲነበብ ግዴታ የለበትም። የሠሌዳ ጸሐፊው ግን ይህን ነፃነት አላገኘም፤ ዳቦ የሚፈልግ ሰው ሠሌዳውን አይቶ ዳቦ ቤቱን ማግኘት አለበት።

የጌጡ ሥርዓት የሚታወቀው ከዚህ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል አናባቢ ለብቻው የሚጻፍ ሳይሆን በፊደሉ አካል ላይ በሚደረግ ጥቂት ለውጥ ይታወቃል። ይህ ሥርዓት ከ4ኛው ምእት ዓመት፥ ከንጉሥ ዔዛና ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው። የ«ተ»ን ዘር ብንመለከት በቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት ሲጨመር «ቱ» ይሆናል፤ ጭረቱ ወደ እግሩ ሲወርድ «ቲ»፥ እግሩ ወደ ግራ ሲታጠፍ «ታ»፥ በእግሩ ቀኝ ቀለበት ሲደረግ «ቴ»፥ ቀለበቱ ወደ ራሱ ሲወጣ «ቶ» ይሆናል። በአንዲት ቋሚ ዘንግ ዙሪያ ካለው ባዶ ቦታ አብዛኛው ሥራ ተሰጥቶታል ማለት ነው።

አሁን የአውሮፓው ፊደል የሚያጌጥበት የተለመደ መንገድ ወደዚህ ፊደል ሲመጣ ምን እንደሚሆን ይታይ። የአውሮፓው ጌጥ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው በፊደሉ ጫፍ ላይ ነው፤ በእግሩ ሥር አግድም ጭረት ይሰመርለታል፥ በራሱም ላይ ሌላ ጭረት ይደረግለታል። በ«ተ» እግር ሥር ግራና ቀኝ የሚወጣ ጭረት ቢደረግ ግን የግራው ክፍል «ታ» ያሰኛል፥ የቀኙም «ቲ» ያሰኛል፤ አንባቢው በሁለት መካከል ይቆማል። በራስ ላይ የሚደረገው ጭረትም ከዚህ የባሰ ነው። አማርኛ በግዕዝ ላይ የጨመራቸው ፊደላት አብዛኞቹ የተገኙት በራስ ላይ ጭረት በማድረግ ነውና፤ «ሰ» በራሱ ላይ ቢሰመርበት «ሸ» ነው፥ «ነ» ደግሞ «ኘ»፥ «ከ» «ኸ»፥ «ዘ» «ዠ»፥ «ደ»ም «ጀ» ይሆናል። በአውሮፓ ጌጥ የሆነው ጭረት በአማርኛ ሌላ ድምፅ ነው። ጫፍን በነጥብ ወይም በእንክብል መቋጨትም እንዲሁ ነው፤ በእግር ቀኝ ቢያርፍ የኃምስን ቀለበት ይመስላል። የክታቡ ምልክቶች የማይነበቡት ጫፋቸው ሁሉ በቀለበት ስለሚቋጭ መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል።

እግራቸው ሁለት የሆኑት ፊደላት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። «በ» ሁለቱ እግሮቹ እኩል ናቸው። የግራው ሲያጥር «ባ»፥ የቀኙ ሲያጥር «ቦ» ይሆናል። ሠሌዳ ጸሐፊ ደግሞ ፊደሉ ከሩቅ እንዲታይ ብሎ ያወፍረዋል፤ ሲወፍር እግሩ ያጥራል፤ እግሩ ባጠረ መጠን የአንዱ ከአንዱ ማነስ እየጠፋ ይሄዳል። «ዳቦ ቤት» ብሎ ለመጻፍ የተነሣ ሰው የ«ቦ»ን እግር ቢያሳስት «ዳበ» ይሆንበታል፤ የግራውን ቢያሳጥር ደግሞ «ዳባ» ብሎ የመነኮሳትን የቆዳ ልብስ ይሸጣል። ስለዚህ የለመደ እጅ ፊደሉን ሲያወፍር የአጭሩን እግር ማጠር አጋንኖ ያሳያል፤ አንዳንድ ጊዜም አጭሩን እግር ከወገቡ ላይ ቆርጦ ይተወዋል። ይህ መጋነን ነው ለሠሌዳው ፊደል ያንን አንካሳና ጨዋታ ወዳድ መልክ የሚሰጠው። ብዙ ሰው እንደ ቀልድ የሚያየው ነገር ከንባብ ግዴታ የመጣ ነው።

ጌጡ የሚያርፍበት ቦታ እንግዲህ የትኛው ነው? አንደኛው ቦታ የፊደሉ ሆድ፥ ማለትም የመስመሩ ውስጥ ነው። ጫፉ ሳይነካ ውስጡ በሁለት ቀለም አግድም ይከፈላል፥ በነጥብ ይሞላል፥ ነበልባል ወይም ሞገድ ይሣልበታል። ሌላው ቦታ ከፊደሉ በስተኋላ ነው፤ ፊደሉ ከሠሌዳው ላይ ተነሥቶ የቆመ እንዲመስል ጥላ ይደረግለታል። በዚህም ጊዜ ጥላው ከፊደሉ ቀለም በጣም የተለየ መሆን አለበት፤ የቀለሙ ልዩነት ካነሰ በስተቀኝ የሚወጣው ጥላ የካዕብን ጭረት ይመስላል። ሦስተኛውና ለጨዋታ የሚመቸው ቦታ ራሱ ቀለበቱ ነው። ቀለበት በቦታው እስካለ ድረስ ቅርጹ ቢለወጥ ንባቡን አይጎዳም። ስለዚህ የ«ቤ» ቀለበት ልብ፥ አበባ፥ ኮከብ ወይም የቡና ፍሬ ሊሆን ይችላል። የአናባቢው ምልክት በሌላው ቦታ ጌጥን እየከለከለ በዚህ ቦታ ግን ራሱ ጌጥ ይሆናል። ይህን ሥርዓት ያስተማረ መጽሐፍ ስለ መኖሩ አይነገርም። ልጁ ከጌታው እጅ እያየ፥ እየተቈጣም፥ ይማረዋል።

የሥራውም ቅደም ተከተል ለዚሁ የተመቸ ነው። ቆርቆሮው ፀረ ዝገት ከተቀባ በኋላ የመደቡ ቀለም ይደረግበታል። ሲደርቅ በጠመኔ የተቀባ ክር ተወጥሮ ይመታና ሁለት መስመር ይወጣል፤ ይህ ቁም ጸሐፊው በወስፌ ከሚያሰምረው መስመር ጋር በግብር አንድ ነው። ከዚያ በጠመኔ የፊደሎቹ አካል ይነደፋል። እንደ «ጨ» ያለው ሰፊ፥ እንደ «ነ» ያለው ጠባብ ስለ ሆነ ቦታው በዐይን ይመዘናል። በመጨረሻ በጠፍጣፋ ብሩሽ የዘይት ቀለሙ ይሞላል፥ ጥላውም ይከተላል። ቦታ አልበቃ ሲል የመጨረሻዎቹ ፊደላት እየተጠጋጉና እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ይህም ከብራናው ጸሐፊ የተለየ አይደለም፤ በብራና ላይም መስመሩ ሲያልቅበት ፊደሉን አሳንሶ ወይም ከመስመር በላይ አድርጎ የጨረሰ ጸሐፊ ብዙ ነው።

የደብረ ዘይት መንገድ ሠሌዳዎች ሌላም የሚያስተምሩት ነገር አለ። ጎማ የሚጠገንበት ቤት ምልክቱ ብዙውን ጊዜ አንድ አሮጌ ጎማ ነው፤ በጎማው ላይ «ጎሚስታ» ተብሎ በነጭ ቀለም ይጻፋል። ፊደሎቹ የጎማውን ክብ ተከትለው ስለሚዞሩ እያንዳንዱ ፊደል ዘንበል ማለት አለበት። ጎሚስታ፥ ኤሌትራውቶ፥ ላቫጆ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ወደ ጽሕፈት የገቡት ከሁሉ በፊት በቀለም ቀቢው እጅ ሳይሆን አይቀርም፤ አጻጻፋቸውን የወሰነላቸው መዝገበ ቃላት አልነበረምና። «ጎሚስታ» ከሚለው ጎን «ጐሚስታ»ን ማየት የተለመደ ነው። ይህን በስሕተት መዝገብ የሚያስገባ መምህር ሊኖር ይችላል። ለቋንቋ ተመራማሪ ግን ባዕድ ቃል ፊደል ሲፈልግ የሚያልፍበትን መንገድ የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ከ1966 ዓ. ም. አብዮት በኋላ የሠሌዳ ጸሐፊው እጅ ለመፈክር ዋለ። በቀይ ጨርቅ ላይ የሚጻፈው መፈክር ቁጣና ቍርጥነት የሚታይበት፥ ማዕዘኑ የተሳለ፥ ጌጥ የሌለው ፊደል ይፈልግ ነበር። በ1971 ዓ. ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ የአንባቢውን ቍጥር አበዛው። ይህ ለሠሌዳው ታሪክ ከመፈክሩ ይልቅ የሚጠቅም ነገር ነው። ማንበብ የማያውቅ ደንበኛ ሲበዛ ሥጋ ቤቱ የበሬ ራስ፥ ፀጉር ቤቱም የተበጠረ ፀጉር ማሣል ያስፈልገዋል፤ አንባቢው ሲበዛ ግን ሥዕሉ ይሸኛል ማለት አይደለም። ሥዕሉ በቦታው ቀርቶ ፊደሉ እንደ ሥዕሉ ማጌጥ ይጀምራል።

የኮምፒዩተር ፊደል የመጣው ከ1980ዎቹ እ. ኤ. አ. ጀምሮ ነው። ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ አገር ሆነው የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር የሚጻፍ ለማድረግ በየፊናቸው ደከሙ። በመስከረም 1999 እ. ኤ. አ. በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ 345 የኢትዮጵያ ምልክቶች ቦታ ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ በ2000ዎቹ እ. ኤ. አ. ዋሸራ፥ ጅረት፥ ዘላንና ውቅያኖስ የተባሉ ፊደላት በነፃ ተሠራጩ፤ በይገዙ ብሥራት ስም የተጠራ ጎቲክ ፊደልም ከእነርሱ ጋር ነበር። ከእነዚህ ዘላን የእጅ ጽሕፈትን የሚመስል ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው የኮምፒዩተር ፊደል የተሠራው እንደ ፖትከን ጊዜ ሁሉ ለንባብ ነው። ሠሌዳ አታሚው ይህን ለንባብ የተሠራ ፊደል በኮምፒዩተር ለጥጦና አወፍሮ ባነር ላይ ያትመዋል። ሲለጠጥ ቀጭኑ መስመር ይበልጥ ቀጥኖ ከሩቅ ይጠፋል፤ ይህ ሳያንስ አታሚው በቅርጹ ዙሪያ መስመር ሲጨምርበት የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈናል። የቀለም ቀቢው ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የሚማረውን ነገር መኪናው አያውቀውም።

መስከረም 2008 ዓ. ም. አገልግሎት የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር በንፋስ ስልክና በሣሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ ሲወርድ የጣቢያዎቹ ስም በአንድ ዐይነት የታተመ ፊደል ተጻፈ። ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው የኮሪደር ልማትም በመንገድ ዳር ያሉትን ቤቶች ገጽታ አንድ ዐይነት ለማድረግ ሲል ብዙ አሮጌ ሠሌዳዎችን አስነሥቷል። መንገድ መስፋቱን የሚቃወም ሰው አይኖርም። ነገር ግን የብራና መጽሐፍ ሲወድቅ የሚያነሣው ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ከግድግዳ የወረደ ቆርቆሮ የሚሄደው ወደ ቁራሌው ነው። ቢያንስ ፎቶግራፉ፥ የተሰቀለበት ስፍራና የተነሣበት ዓመት ቢመዘገብ ለነገ ተመራማሪ ይበቃው ነበር።

በሕንድ አገር ሐኒፍ ኩሬሺ የተባለ ሠዓሊ ከ2010 እ. ኤ. አ. ገደማ ጀምሮ የመንገድ ሠሌዳ ጸሐፊዎች የፊደሉን ገበታ በሙሉ በእጃቸው እንዲጽፉ እያደረገ፥ ያንን ወደ ኮምፒዩተር ፊደል የመለወጥ ሥራ ሠርቷል። ተመሳሳይ ነገር በንፋስ ስልክ ላፍቶ ቢሞከር የሚያጋጥመው ችግር ከወዲሁ ይታወቃል። ሠሌዳ ጸሐፊ 231 ፊደል ሙሉ ጽፎ አያውቅም፤ የሚጽፈው የተከፈለበትን ቃል ነው። ከብራናው ጋር ሲነጻጸርም የሚዘወትሩት ፊደላት ሌሎች ናቸው። «ጰ» በሠሌዳ ላይ የሚታየው እንደ ጴጥሮስና ጳውሎስ ባሉ ስሞች ነው፤ «ኀ»ም ብርቅ ነው። በአንጻሩ በግዕዝ መጻሕፍት ጭራሹን የሌለውና በተራው አማርኛም ጥቂት የሚያገለግለው «ዥ» ጋራዥ በሚለው ቃል ምክንያት ከጎተራ እስከ አቦ ባለው መንገድ ዳር የዘወትር ፊደል ነው። «ቪ» በቪዲዮ ቤት፥ «ፓ» በፓስቲና በፓርኪንግ ገብተዋል። ቀለም ቀቢው ብዙ ጌጥ የፈጠረላቸው ፊደላት እነዚህ ናቸው፤ ከብራናው የወረሰው አርአያ ስለሌላቸው «ዥ»ን በራሱ ላይ ያለውን ጭረት እንደ ክዳን አንሥቶ፥ እንደ ኮፍያ አዘንብሎ፥ ወይም እንደ መኪና ጣራ አርዝሞ ይጽፈዋል።